የዲምቱ ወለድ

ነጌሌ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ካለው ግራር ጥላ ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ባልቴቷ አዴ ጉያቱ የአፈጻጸም ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። የመጀመሪያውን ክስ የጻፍኩላቸውም እኔ ነበርኩ።

ልጃቸው ገልገሎ ሲወለድ አባቱ በወጉ አንዲት ጊደር ሰጠው፤ ዘሯ ሁሉ የእሱ ነው። ገልገሎ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ሻኪሶ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ወሬው የለም። ከዘሯ የቀረችው ዲምቱ የምትባል ቀይ ላም ነበረች። አዴ ጉያቱ ከተማ ሲገቡ ላሟን ለዘመዳቸው ለጃታኒ በዳባሬ ወግ ሰጡት፤ ወተቱን እሱ ይጠጣል፣ ላሟም የምትወልደውም የባለቤቱ ነው። ጃታኒ በድርቁ ጊዜ ዲምቱን ሸጣት። ፍርድ ቤቱ አርባ ሁለት ሺህ ብር፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በዓመት ዘጠኝ በመቶ ወለድ ታስቦ ይክፈል አለ።

"ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ" አልኳቸው ስልኬ ላይ እያሰላሁ። "በዓመት ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ። ወለዱ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው።"

"የሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው በወለደው ላይ አይታሰብም?"

"አይታሰብም። ሁልጊዜ በአርባ ሁለት ሺዋ ላይ ብቻ ነው።"

"ይቺ ብርማ ልጆቿ መካን ናቸው" ብለው ሳቁ። "የዲምቱ ልጆች እንዲህ አይደሉም።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። "ልጆች አሏት እንዴ? ያኔ ስንት ከብት ነው ብዬ ስጠይቅዎት አንድ አሉኝ።"

"የሸጣትን ነገርኩህ። በሕይወት የቆመ ከብት አፍ ተከፍቶ ይቆጠራል? የተቆጠረ አይበረክትም። አንተ የነጌሌ ልጅ አይደለህም?"

ነኝ። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ግቢያችን ከዶሮ በቀር እንስሳ አላየም። ሰበብ ግን አይሆንም። ማወቅ ነበረብኝ።

ፍርድ ቤቱ በቆረጠው የመክፈያ ቀን ጃታኒ ብሩን በፌስታል ይዞ ግራሩ ሥር መጣ።

"አካም፣ ናጋ?" ብለው አዴ ጉያቱ ሰላምታ ሰጡት።

"ናጋ ነው አዴ። ይኸው፣ ሃምሳ አራት ሺህ ስድስት መቶ። ይሄ ጸሐፊዎ ሳንቲም እንኳ አልማረኝም።"

"ወለዱን መልሰህ ውሰድ። የዲምቱን ሴት ልጅ አምጣልኝ።"

"ፍርዱ ላይ ጥጃ የለም።"

"የለም። ይሄ ልጅ አልጻፈውም። አንተ ግን ታውቃለህ።"

ጃታኒ መሬቱን በዱላው ጫረ። "እናቲቱን የሸጥኳት ለልጆቿ ድርቆሽ ልገዛ ነበር። ዳኛው ፊት ያን ብል እነሱንም ልቆጥር ነው" አለ። ቀጥሎም፣ "አንዷ ቀይ ናት። አርግዛለች።"

አዴ ጉያቱ ሌሎቹ ስንት እንደሆኑ አልጠየቁም። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

የስምምነት ወረቀት አወጣሁ። "ባለቤት ማን ልበል?"

"ገልገሎ።"

"ባለቤቱ መፈረም አለበት፣ አዴ።"

"እኔ እረከብለታለሁ። ሲመጣ ይፈርማል፤ ቦታ ተውለት።"

ከጣት አሻራቸው በታች ስሙን ጽፌ አንድ መስመር ክፍት ተውኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ጠበበ" አሉ። "የእሱ ፊደል ትልልቅ ነው። ሰፋ አድርግለት።"