አልጎነጎንም ያለው ሃላ

ጺላ አይሁድ ለሰንበትና ለበዓል የሚጋግሩትን የሃላ ዳቦ ሊጥ ስትጎነጉን እጇን ማየት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ካገባች ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ጎንጉናለች፤ ለአዲስ ዓመት ደግሞ ጉንጉኑን እንደ ጥምጥም አዙራ ትጋግራለች። ዘንድሮ ግን በበዓሉ ዋዜማ ማለዳ፣ ሃይፋ በሚገኘው ቤቷ ወጥ ቤት ቆማ፣ ከጣቶቿ አልላቀቅ ካለ ግራጫ ጭቃ ጋር ትታገላለች።

ነገሩ ሁሉ የባሏ የሻውል ሆድ ያመጣው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ «ግሉተን አንጀትህን እየጎዳው ነው። ስንዴና ገብስ ያለበትን ነገር ከእንግዲህ አትቀምስም» አለው። ጺላ በዚያው ቀን ስንዴ የነካቸውን የእንጨት ማንኪያዎቿንና መክተፊያዋን ሰብስባ ጣለች። የሩዝ ዱቄት፣ የድንች ስታርች፣ ከስንዴ ጋር ያልተነካካ የአጃ ዱቄት ገዛች። በጋውን ሙሉ ጋገረች። አንዱ እንደ ጡብ ደረቀ፤ አንዱ እንደ ጎማ ተሳበ፤ አንዱ ደግሞ ከላይ አምሮ ተነፍቶ ሲቆረስ ውስጡ ገንፎ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሻውል የደም ምርመራ ውጤት አልስተካከል አለ።

«ከወጥ ቤታችሁ ምግቡ ውስጥ የሚገባ ስንዴ አለ» አለ ሐኪሙ፣ እሷን እያየ። ጺላ ቤቷ ገብታ መሳቢያዎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገች።

አማቷ ናጂያ ለበዓሉ በጠዋት መጥተው ወጥ ቤቱ ውስጥ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሊጥ ነው ወይስ ምርጊት?» አሉ።

«ሊጥ ነው እማማ።»

«ባግዳድ እያለን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።»

«ነበረ፤ ስም አልወጣለትም እንጂ።»

«ደግሞ በሩዝ ላይ የዳቦ ቡራኬ አይባልም። በአዲስ ዓመት ያለ ቡራኬ ልታበዪን ነው?»

«አብዛኛው አጃ ነው፤ አጃ ይባልበታል። ረቢውን ጠይቄያለሁ።»

ሊጡን አድቦልቡላ ልትጎነጉን ስታነሳው ተበጠሰ። ዱቄት ነስንሳ እንደገና ሞከረች። እንደገና ተበጠሰ። ናጂያ አንጀታቸው ራራ።

«ልጄ፣ ምን አደከመሽ? ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ሲመጣ ሳምቡሳዬን ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ ምንም ሆኖ አያውቅም።»

የጺላ እጅ ሊጡ ውስጥ ቀረ። «የቱን ሳምቡሳ?»

«የሽምብራውን ነዋ።»

«ሽፋኑስ?»

«ሽፋኑማ ስንዴ ነው። ታዲያ ከምን ይሁን?»

«ሻውል!»

ሻውል በሩ ላይ ብቅ አለ። የሁለቱን ፊት አይቶ ቀስ ብሎ ሊመለስ ሲል ጺላ ቀደመችው።

«ሐሙስ ሐሙስ ምንድን ነው የምትበላው?»

«እናቴን እንዴት እምቢ ልበላት? አንድ ሁለት ብቻ እኮ ነው...»

«እኔ መሳቢያ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍግ! ሐኪሙ ፊት ስሸማቀቅ!»

«ቆይ እስቲ» አሉ ናጂያ። «የምን ሐኪም? ጺላ ክብደት ቀንስ ብላ ዳቦ ከለከለችኝ አላልከኝም?»

ጺላ አማቷ ባገኟት ቁጥር «ወንድ ልጅ ሞላ ሲል ነው የሚያምረው» የሚሏት ለምን እንደነበር አሁን ገባት። ስንት ወር ሙሉ ባሏን የምታስርብ ሴት ሆና ኖራለች።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እማ...»

ናጂያ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አንስተው ትከሻውን ሸነቆጡት። «በገዛ እጄ! ልጄን በገዛ እጄ ሳሳምመው ዝም ትለኛለህ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጺላ ሽርጧን ፈታ ባሏ አንገት ላይ አጠለቀችለት። «በል ጎንጉን» አለችውና በረንዳ ወጥታ ተቀመጠች። ከውስጥ «ውሃ ጨምርበት!» «እማ፣ በቃው!» ሲባል ይሰማታል። አልተነሳችም። በመጨረሻ ሊጡን ክብ የኬክ ፓትራ ውስጥ አፈሰሱት።

ማታ ሻውል ባረከና ቆረሰ። ሃላው ፈረሰ። ፍርፋሪውን ማር አፍስሰውበት በማንኪያ በሉት።

ናጂያ ረጅም ጊዜ አላመጡ። «መጥፎ ነው» አሉ።

«መጥፎ ነው» አለች ጺላም። ሻውል ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ አነሳ። እስከ በዓሉ መጨረሻ ጺላ ከ«ጨው አቀብለኝ» ያለፈ ቃል አልተነፈሰችለትም።

በዓሉ እንዳለፈ ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«ስንዴ ዱቄቴን በሙሉ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ» አሉ ናጂያ። «በአጃ ሳምቡሳ እየሠራሁለት ነው። ግን ቀለበቴ ሊጡ ውስጥ ጠፋ።»

ጺላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ግንባሯን ማቀዝቀዣው ላይ አስደገፈች። ከዚያ የዱቄት ከረጢቶቿን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ናጂያን ያገኘቻቸው እስከ ክርናቸው በሊጥ ተለውሰው ነው።

«ውሃ ጨምረውበታል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«እስኪበቃው።»

ጺላ የዱቄት ከረጢቶቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡ ውስጥ ቀለበቱን መፈለግ ጀመረች።