ቀኑማ ልክ ነው

መምህርት አብርሆት ከደካ ወደ ቦንጋ ስትመጣ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሁለት ጊዜ በተሳፋሪ ተገፍቷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ የቢሯችን በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የዝውውር ቅጹን ከኢንተርኔት የሚያወርዱልኝ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ምዝገባው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ባሏ ደብረ ብርሃን ነው። አራት ዓመት ተለያይተው ኖረዋል፤ ልጃቸው አባቱን የሚያውቀው በስልክ ድምፅ ነው። ዛሬ ካመለጣት ደግሞ ሌላ ዓመት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰው ለእኔ ይነግረኛል።

የከተማው ኢንተርኔት ቤቶች መብራት ከጠፋባቸው ሦስት ቀናቸው፤ ጀነሬተር ያለን እኛ ነን። እኔ ድሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተር የተማርኩት ከአንድ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍና ከብዙ ስህተት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ማሽን ሲመጣለት ሌላው ሁሉ ሸሸው፤ ትእዛዙን በፊደል እየጻፉ ማዘዙን የወደድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ለእኔ ተሰጠ።

ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ባዶ እጁን ተመለሰ። ፋይል የለም፤ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። በመዝገበ ቃላት ስፈታው «የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም» ይላል።

«የማን ምስክር ወረቀት?» አለች አብርሆት ደንግጣ። «የእኔ? ዲፕሎማዬን ይዤዋለሁ እኮ!»

«የአንቺ አይደለም፣ ልጄ። ድረ ገጹ ማንነቱን የሚያሳይበት ነው» አልኳት። አልኳት እንጂ ለእኔም አልገባኝም።

ጥርጣሬዬ ፋየርዎሉ ላይ አረፈ። ፋየርዎል ማለት በእኛና በኢንተርኔቱ መሀል የቆመ ዘበኛ ነው፤ የሚገባውን ሁሉ ይፈትሻል፣ ያልወደደውን ይመልሳል፤ ለአብርሆትም እንዲሁ ነገርኳት። እሱን የሚያዝዘው ሀዋሳ ያለ እስክንድር የሚባል ባለሙያ ነው። ደወልኩለት።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ በእኛ በኩል ክፍት ነው።»

«ክፍት ከሆነ ምን አድርጌው ይመልሰኛል?»

«እስቲ አጥፍተው ያብሩት።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፤ ተከፈተ። ሌላ ሞከርኩ፤ ገና አልጸናም። የገባውንና የተመለሰውን ወረቀት ላይ ለይቼ ጻፍኩ፣ ባየው ባየው መልክ አልያዘልኝም። እንደገና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የቦንጋ ዝናብ ገመዱ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም፣ «የማሽንዎ ቀን ልክ ነው ግን?»

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። 19/10/2007 ይላል። ሰኔ አስራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ነው የመጣሁት፣ እንዴት እሳሳታለሁ?

«ቀኑማ ልክ ነው» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ጾሙን መፍታት ነበረብኝ፣ ትዝም አላለኝ። አብርሆት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ታራግፋለች። በልቤ፣ «ገብርኤል ሆይ፣ ይህችን ልጅ ቤቷ አግባት» አልኩ። ከዚያ በላይ ሌላ መላ አልነበረኝም።

ጸሐፊያችን እትዬ አልጣሽ ደብዳቤ ሊያትሙ ገቡ።

«አሁንም እምቢ አለ? እኔ ደግሞ ይኸ ማሽን ከረቡዕ ወዲህ ሰው ሆነ ብዬ ነበር።»

«ረቡዕ ምን አገኘ፣ እትዬ?»

«ቀኑን አስተካከልኩለታ! ደብዳቤዬ ሁሉ በፈረንጅ ቀን እየወጣ ኃላፊው ሦስቴ መለሰብኝ። ማታ ማታ እንድዘጋው በሰጠኸኝ የይለፍ ቃል ገብቼ በእኛ አደረግሁት። ሰዓቱንም ጭምር።»

የስክሪኑን ጥግ በጣቴ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ለዚህ ማሽን አስረኛው ወር ሰኔ አይደለም፣ ኦክቶበር ነው። እኛ ዛሬ የምንለው ቀን ለእሱ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ድሮ ነው። የድረ ገጹ ምስክር ወረቀት የተሰጠው ደግሞ አምና። ማሽኑ ገና ያልመጣ ዓመት አየና አላምንም አለ።»

«ዘበኛውስ?» አለች አብርሆት።

«በከንቱ አማሁት።»

«ታዲያ የቱ ነው ልክ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። «የእኛ ቀን ስህተት ነው ልትለኝ ነው?»

ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መልሼ ትእዛዙን ደገምኩ። ፋይሉ ትንፋሽ ሳይወስድ ወረደ። አስር ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

አብርሆት ያተምኩላትን ቅጽ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞላችው፤ መጨረሻው ላይ ብዕሯ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቀን የሚለው ላይስ? በማን ልጻፍ?»

በዚያን ቀን ይህን የሚጠየቅ ሰው እኔ አልነበርኩም። «በሁለቱም ጻፊ» አልኳት። ባጃጅ አስቁሜ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሸኘኋት።

ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ሲሆን ደወለች። «ጋሼ፣ ተቀበሉኝ! ማኅተም መቱበት!» ከኋላዋ የባጃጅ ጡሩምባ ይጮሃል። ተመስገን አልኩ።

እትዬ አልጣሽ ግን ደብዳቤያቸውን ይዘው አጠገቤ እንደቆሙ ናቸው።

«ደስ ይበላት። የእኔስ? ኃላፊው እየጠበቀኝ ነው፣ በማን ቀን ይውጣ?»

ስክሪኑን አየሁ፣ 26/06/2015 ይላል። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ፣ ሰኔ 19 ይላል።

«ቀኑን ባዶ ይተዉትና» አልኳቸው፣ «በእጅዎ ይጻፉት።»