የንግሥቴ እንቢ ባይ

ንግሥቴ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ስትሰፋ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። ለገና የሚለበስ ቀሚስ በዋዜማው ቢያመጡላት ትቀበላለች። ካውያዋ ከእሷ ቤት ይልቅ ጎረቤቷ ድንቅነሽ ቤት የሚያድርበት ሌሊት ይበዛል። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ አይምርም። «እሷማ ቅን ናት» ይላል፤ ይልና ይጭናል።

በጥር ግን ነገሩ ከካውያ አለፈ። የወግዲው አራጋው ሽማግሌ ሊልክባት እንደሆነ ተሰማ። አራጋው ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ክፉ ስም የማይነሳበት ሰው ነው። ታላቅ ወንድሟ የኋላሸት ወሬውን እንደ ሰማ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሰውየው ግን «ምሽቴ ገበያ ወጥታ አትሰፋም» ማለቱም አብሮ ተሰምቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግሥቴን ያቆማት ያ የስፌት መኪና ነው። ጋብቻውን አልፈለገችም። የቸገራት አልፈልግም የሚልላት አፍ ነበር።

መላ ያመጣችው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ከእሷ ጋር የምትኖረው የእህቷ ልጅ ትህትና ናት። ቴሌግራም ላይ «የሐሳብ ጉልበት አጋር አፈጣጠርና አሠራር፣ ለጀማሪዎች» የሚል ጽሑፍ አግኝታለች።

«ዛር ነው?» አለች ንግሥቴ።

«ኧረ አይደለም እትዬ! ከራስሽ ሐሳብ የሚሠራ ነው። መልክ ትሰጭዋለሽ፣ ስም ታወጭለታለሽ፣ አንድ ሥራ ታዥዋለሽ። ሲበቃሽ አመስግነሽ ታሰናብችዋለሽ።»

«ምን ይበላል?»

«ያንቺን ትኩረት ነው የሚመገበው ይላል።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

ትህትና ስልኩ ላይ ጽሑፉን ወደ ላይ ወደ ታች ብትገፋ ስለ ጾም የተጻፈ ነገር አጣች።

«ይጹማ!» አለች ንግሥቴ። «እኔ ቤት ገብቶ ጾም የሚሽር የለም።»

መልኩን በተመለከተ ጽሑፉ አንበሳ ወይም ንስር ቢሆን ይመረጣል ይላል። ንግሥቴ ዓይኗን ጨፍና ማን ቢሆን ሰው መመለስ ይችላል ብላ አሰበች። ያኔ አንድ ሰው ከፊቷ ድቅን አለ። ከዓመታት በፊት ለቤቷ ካርታ ስትል አራት ወር ያመላለሳት የማዘጋጃ ቤት የመስኮት ጸሐፊ ነው። ያን ሰው ልመናም፣ እንባም፣ የደብር አለቃም አላሸነፈውም። መነጽሩን፣ አረንጓዴ ሹራቡን፣ ደረት ኪሱ ላይ የሰካቸውን ሁለት እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ አስባ አቆመችው። ይሄነው ብላ ስም አወጣችለት። ሥራውንም በሹክሹክታ ነገረችው፦ ለንግሥቴ እንቢ ማለት።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ያ ጸሐፊ በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብሎ አያውቅም።

እሑድ ረፋድ ላይ ቄስ ቢያድግልኝ፣ ሼህ አሕመድኑርና አያ ጥላሁን መጡ። እንደ ደንቡ አልተቀመጡም፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ዝምድና ፈልገው እንደመጡ ቄሱ ተናገሩ። የኋላሸት ጉሮሮውን ጠርጎ «ባለጉዳይዋ እሷ ናት፤ እሷው ትመልስ» አለ። ንግሥቴ ግራ ትከሻዋ ዘንድ ሰው መነጽር ሲጠርግ ተሰማት። አፏ ተከፈተ።

«ጉዳያችሁ ደርሶናል። በመታየት ላይ ነው። የሚመጣው እሑድ ተመለሱ።»

የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። እንግዲህ ለሽማግሌ ቀጠሮ የሰጠች ሴት ግማሹን እሺ እንዳለች ይቆጠራል። ሼህ አሕመድኑር «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ቄስ ቢያድግልኝ «ተመስገን» አሉ። የኋላሸት እስከ ደጅ ሸኛቸው።

«እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አለች ትህትና።

«እኔ መች አልኩ! እሱ ነው እንጂ!»

በሁለተኛው እሑድ ደግሞ ይሄነው ባሰበት። ንግሥቴ «አል…» ብላ ስትጀምር እሱ ቀደማትና በገዛ አፏ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይቀራል» አለ። በሦስተኛው ቀን አራጋው ኮትና ከራባት ተውሶ የተነሳቸው ሁለት ጉርዶች በሚኒባስ ሾፌር እጅ ደረሱ። ገበያው «ፎቶውን አስመጣችው!» ብሎ አወራ። ካውያ ፍለጋ የመጣችው ድንቅነሽም ፎቶውን አገላብጣ አይታ «ዓይኑ ደግ ነው» ስትል መሰከረች።

የኋላሸት በግ ገዛ። ገዝቶም ቁርጡን ነገራት፦ «ሁለቴ ቀጥረሽ በሦስተኛው እንቢ ብትይ ሽማግሌ አዋረድሽ ማለት ነው። እኔስ ፊቴን የት አደርጋለሁ?»

ቅዳሜ ዕለት ይሄነውን ለማሰናበት ተቀመጡ። ጽሑፉ አመስግናችሁ እፍ በሉት ይላል። ንግሥቴ አመሰገነችው፣ እፍ አለችው።

«ሄደ?» አለች ትህትና።

«የስንብት ደብዳቤ አምጡ ይላል።»

ትህትና ጻፈች።

«ማኅተም የለውም ይላል።»

ትህትና የለስላሳ ቆርኪ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ወረቀቱ ላይ ረገጠችው። ያኔ ይሄነው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና እስክሪብቶዎቹን አስተካክሎ ወጣ።

በሦስተኛው እሑድ ንግሥቴ ያለ ይሄነው ብቻዋን ነበረች። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ፈገግ ብለው ቆሙ። በጉ ጓሮ ውስጥ ይጮሃል። ፈራች፣ ከልቧ ፈራች።

«አባቶቼ፣ አልፈልግም» አለች።

የሽማግሌዎቹ ፈገግታ ጠፋ።

«ሰውየው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያመላለስኳችሁም ንቄያችሁ አይደለም፤ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ብቻዬን መኖሬንም ወድጄዋለሁ። አላገባም።»

የኋላሸት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ። ቄስ ቢያድግልኝ ግን ወደ ሼህ አሕመድኑር ዞሩ።

«እንግዲህ ይህን ለአራጋው እርስዎ ይንገሩት። አንደበትዎ የለዘበ ነው።»

«እኔማ ሰሞኑን ልቤን ያመኛል» አሉ ሼሁ። «አያ ጥላሁን ይሻላል።»

«በአራጋው በሬ እያረስኩ?» አሉ አያ ጥላሁን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ንግሥቴ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ገና እያሰበች ነው ብንለውስ?»

አርባ ዓመት አገር ያስታረቁ ሦስት ሰዎች አንዲት እንቢ ወግዲ ድረስ መሸከም አቃታቸው።

«አይሆንም» አለች ንግሥቴ። ሁለተኛዋ እንቢ ቀለል ብላ ወጣች። «ደውሉልኝና እኔው ልንገረው።»

ስልኩ ገና መጥራት ሲጀምር አራጋው አነሳ፤ በእጁ ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል። የተደወለበት የአያ ጥላሁን ስልክ ደግሞ ድምፁ ሰፈር ሙሉ ይሰማል። ንግሥቴ ምንም ሳትቀባባ ነገረችው።

«ፎቶውን አይተሽ ነው?» አለ።

«ኧረ ፎቶውስ ያምራል። መስፋቴን አልተውም፣ ባልም አልፈልግም፣ ይኸው ነው።»

«እንግዲያስ ደግ አደረግሽ» አለ አራጋው። «በሽማግሌዎቹ ቢሆን እስከ ፋሲካ ተስፋ ሳደርግ እከርም ነበር። እግዜር ይስጥሽ።»

ሦስቱም ሰሙት። ንግሥቴ አፈረች፣ አዘነችለትም፣ ደግሞ ደስ አላት። ስልኩን ለአያ ጥላሁን ስትመልስ ሰውየው ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።