ሦስት ሰዓት በሞኮዌ

ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሌላው ሰው ያነበበውን ሲያወራ እኔ ያላየሁትን አወራለሁ፤ ሁሉም በአቅሙ ነው።

ሥራዬ ስቶክሆልም አጠገብ ሜርስታ ነው፤ አርላንዳ አየር ማረፊያ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ውስጣቸውን እናጸዳለን። አንድ ቀን ከወንበር ኪስ መጽሔት አገኘሁ። እንግሊዝኛው አልገባኝም፣ ስዕሉ ግን በደንብ ገባኝ። የኬንያ የባሕር ጠረፍ ነው፤ በኮኮናት ዛፍ የታጠረ መንገድ፣ ግንዱ ጎጆ የሚያክል ዛፍ፣ ሸራ የወጠረ ጀልባ። መጨረሻው ላይ ካርታ ነበረው። የከተሞቹን ስም እንደ ፊደል በቃሌ ያዝኩ፤ ሞምባሳ፣ ኪሊፊ፣ ማሊንዲ፣ ጋርሰን፣ ሞኮዌ።

በሚቀጥለው እሑድ ሶደርማልም ለአምልኮ በተከራየነው ምድር ቤት፣ ስብከቱ አልቆ ሻይ ይዘን እንደቆምን፣ እኔ ወንድይራድ በዚያ ጠረፍ አምስት ዓመት የጭነት መኪና ነዳሁ። ጋርሰን ላይ ጉማሬ መንገዱ መሐል ተኝቶ ጥሩምባ ብነፋ አልሰማ ሲለኝ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የሞተሩን ትኩሳት ለቀቅኩበትና ላብ በላብ ሆኖ ተነሳ። ማሊንዲ ላይ ዛፍ ሆድ ውስጥ ገብቼ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ከኔ በፊት አራት ሰው እዚያው ውስጥ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ኪሊፊ ላይ ደግሞ በምርኩዝ የሚሄድ የካሹ ለውዝ ሻጭ ወዳጅ አበጀሁ፤ የመኪናዬን ድምፅ ከሦስት ኪሎ ሜትር ለይቶ ያውቃል። የመዘምራኑ መሪ ብዙነህ፣ ሰዉ ከስብከቱ ይልቅ ያንተን ይዞ ነው የሚሄደው አለኝ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት። ወደ ስዊድን የመጣሁት በሱዳን በኩል ነው፤ ኬንያን በሕልሜም አይቻት አላውቅ።

እትዬ ሸዋሉል ግን ሌላው ሲስቅ ሲያዳምጡ ነበር ለካ። ፋርስታ ይኖራሉ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው ነው። ያላቸው አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ ይገዙ ይባላል፣ አሰብ ወደብ የመርከብ መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በጀልባ ወጣ ተባለና ስድስት ዓመት ድምፁ ጠፋ። በፈረንጅ ዘጠና ሰባት መጀመሪያ ላይ፣ በስንት ሰው እጅ ዞሮ፣ ደብዳቤው ፋርስታ ገባ። ከሞኮዌ ማዶ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ የዓሣ አጥማጆችን ሞተር ይጠግናል። ስልክ የለው፣ አድራሻ የለው፤ ሐሙስ ሐሙስ ናፍጣ ሊወስድ ሞኮዌ ይሻገራል። "ብትመጪ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ጀልባ መውረጃው ላይ እጠብቅሻለሁ" ይላል ደብዳቤው። እትዬ የሚመጡበትን ሐሙስ ደብዳቤው በመጣበት መንገድ ላኩለት። የሥራ ፈቃዳቸው አንድ ሳምንት ነው፤ ሐሙስ ካመለጠች ቅዳሜ አውሮፕላኑ አለ፣ ሌላ ሐሙስ የለም።

መንገድ መሪው ማን እንደሆነ መቼም አይጠየቅም።

ፋርስታ ሄጄ ተናዘዝኩ። እትዬ፣ ያንን አገር አላውቀውም፣ ከመጽሔት ነው ያየሁት አልኳቸው። ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ፈራህ እንዴ፣ ያን ሁሉ ከተማ በቃልህ የምትዘረዝር ሰውዬ አሉኝ። መጽሔቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አገሩ ናፍቆህ እስከ ዛሬ ይዘኸው ትዞራለህ አሉኝ። በሕይወቴ እውነት ስናገር እንደዚያ ቀን የተጨበጨበልኝ ጊዜ የለም፤ የተጨበጨበው ግን ለውሸቱ ነው።

ሻንጣው ውስጥ ስድስት የሱፍ ሹራብ አለ። ለወንድማቸው በየዓመቱ ለገና አንድ አንድ ሲሠሩ ኖረዋል። እትዬ፣ እዚያ ሰው ሸሚዝም ይከብደዋል ብላቸው፣ ይገዙ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ አይችልም አሉና ዚፑን ዘጉ።

ከሞምባሳ በአውቶቡስ ወጣን። እሳቸው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፣ እኔ ደግሞ በፈተናው በኩል። ይሄ ምንድን ነው ይላሉ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው እላለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ትምህርት ቤት ይሆናል። የማን ነው ያ ትልቅ ግቢ ይላሉ፤ የአንድ ሱልጣን ነው፣ ሰባት ሚስት ነበሩት፣ ስምንተኛዋን እኔ ነኝ በመኪናዬ ያደረስኩለት እላለሁ። ሙቀቱ እንደ ቆሎ ይቆላናል። ከግራ ኮኮናት፣ ከቀኝ ኮኮናት፤ መሐሉ ላይ የኔ ምላስ።

ኪሊፊ አውቶቡሱ ሲቆም ነገሩ ተበላሸብኝ። ሻጮች በመስኮት በኩል ተንጠላጠሉ፤ ከኋላቸው ዘንቢል ያንጠለጠለ ሰውዬ በምርኩዝ እየዘለለ መጣ። ካሹ ነው የያዘው። እጁን በመስኮቱ ሰደደና የእትዬን አልፎ የኔን ያዘ፣ አልለቅም አለ። በራሱ ቋንቋ እየሳቀ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም ጥቂት አብሮ ዘለለ።

"አወቀህ" አሉ እትዬ።

እጄን ደጋግሜ አየሁት። እውነት ይሄን አገር ነድቼ ረስቼው ይሆን እንዴ አልኩ። ሱዳን ውስጥ ወባ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ራሴን አላውቅም ነበር፤ ግን በሁለት ሳምንት አምስት ዓመት አይነዳም። ማሊንዲ ስንደርስ ደግሞ ጎጆ የሚያክለው ዛፍ ሥር ወንበርና መስታወት ተቀምጦ አንዱ ይላጫል። እርግጥ ከውጭ ነው፣ ዛፉ ሆድ ውስጥ አይደለም። እትዬ ግን በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ጉማሬውን መፍራት ጀመርኩ።

ጋርሰን ረቡዕ ማታ ገባን። ከዚያ ወደ ሞኮዌ አንዱ አውቶቡስ ንጋት ላይ፣ ሌላው ረፋድ ላይ ይነሳል፤ መንገዱ ሽፍታ አለበት ስለሚባል ሁለቱም ላይ ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ይወጣል። እትዬ የንጋቱን አሉ። ይገዙ ሦስት ሰዓት ብሏል፣ ሦስት ሰዓት ማለት ጠዋት ነው አሉ።

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። ስቶክሆልም ስንኖር ይቺ ነገር ሁሌ ታጣላናለች፤ አንዱ በሁለት ሰዓት እንገናኝ ሲል ሌላው በኛ ነው በነሱ ይላል፤ ግማሹ ሠርግ ያመልጠዋል፣ ግማሹ ወንበር ሳይደረደር ይደርሳል። እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ሰዓት የሚቆጥር ሌላ ሕዝብ በዓለም ላይ የለም ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ ደረቴን ነፋሁ። እትዬ፣ እዚህ አገር እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጠረው፣ አምስት ዓመት የኖርኩበት አይደል እንዴ፤ እሱም ስድስት ዓመት ኖሮ እንደነሱ ሆኗል፤ ሦስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው አልኩ። ፊቴን አዩት። ምርኩዝ ያለው ሰውዬ እጄን ባይዝ ኖሮ አያምኑኝም ነበር። እሺ ብለው ተኙ።

በረፋዱ አውቶቡስ ሄደን በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞኮዌ ደረስን። ቀድመን በመድረሳችን ኮራሁ። የድንጋይ መውረጃ፣ ጥቂት ጀልባዎች፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር መዝገብ የያዘ ሰውዬ። ይገዙ የለም። ለባለ መዝገቡ በዚያችው በስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ በሦስት ሰዓት ይመጣል አልኩት።

መጥቶ ሄደ አለኝ። ከሦስት እስከ ሰባት እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሰዓቴን አሳየሁት፤ ገና ሦስት አልሆነም አልኩ። ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነግር፣ አስረዳኝ። ፀሐይ ወጥታ የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ነው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። አሁን ስምንት ተኩል ነው። አባቶቹም እንደዚያ ነው የቆጠሩት። እናንተ እንዴት ነው የምትቆጥሩት ብሎ ጠየቀኝ።

እንደኛ። እንደኛው ነው የሚቆጥሩት።

"ምን አለህ?" አሉ እትዬ ከኋላዬ። ሻንጣው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ለፀሐዩ ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ገና ነው፣ እየመጣ ነው፣ ማዕበል ያዘው። ሦስት አማራጭ ነበረኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነበሩ።

"መጥቶ ሄዷል" አልኩ። "እንደኛ ነው ሰዓት የሚቆጥሩት። እኔ ይሄን አገር ረግጬው አላውቅም፣ እትዬ።"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አወረዱ።

"ፋርስታ መጥተህ የነገርከኝ እውነት ነበር?"

"እሱ ነበር እውነቱ።"

"እንግዲያው ያ ምርኩዝ ያለው ሰውዬ ማነው?"

አላውቅም አልኩ። እሱንም እንዳላመኑኝ ከዓይናቸው አየሁ፤ ደግሞ እሱ ነው ዋናው እውነት። ጀልባ ልከራይ፣ ደሴት ለደሴት ልፈልገው አልኩ። ባለ መዝገቡን ብጠይቀው ደሴቶቹ ብዙ ናቸው፣ መካኒኩም የትኛው ላይ እንደሚያድር አይታወቅም አለኝ። ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ካልተሳፈርን ናይሮቢ ለቅዳሜው አውሮፕላን አንደርስም። እትዬ አልተቆጡም። አንድ ሹራብ ከሻንጣው አወጡ፣ ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ እጅጌውን ማስተካከል ጀመሩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ልክ በሰዓቴ ሦስት ሲሆን ከማዶ ሞተር ተሰማ። ጀልባዋ ጠባብ ናት፣ የናፍጣ በርሜል ጭናለች፤ ከኋላ የቆመው ሰውዬ ከወገብ በላይ ራቁቱን ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። እትዬ ሳያጣሩ ተነሱ። ሰውዬው ገመዱን ሳያስር ቆሞ አያቸው።

"አሁን ነው ሦስት ሰዓት በናንተ?" አለ።

ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ሸዋሉል ስዊድን ስንት ዓመቷ ነው፣ ሰዓቷም የነሱ ሆኖ ይሆናል ብሎ ጀልባዋን መለሰ። እትዬ እኔስ በኛ ነበር ያልኩት አሉና ደረቱን በጡጫ መቱት፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ማን አሳሳተሽ ሲላቸው ወደኔ አዩ። ይልቅ ሹራቡን በራሱ በኩል አጠለቁለት። ይገዙ በዚያ ሐሩር፣ በወፍራም የስዊድን ሱፍ፣ ላቡ እስከ ክርኑ እየወረደ፣ እስኪመሽ ድረስ አላወለቀውም። ሙቀቱ ተስማምቶኛል ይል ነበር።

በመመለሻው መንገድ እትዬ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ኪሊፊ አውቶቡሱ አልቆመም።

እሑድ ሶደርማልም ሻይ ይዘን ቆምን፤ ሰዉ ከበበን። እኔ ቆርጬ ነበር፣ ዛሬ ሁሉንም እናዘዛለሁ ብዬ። አፌን ስከፍት እትዬ ሸዋሉል ቀደሙኝ። ወንድይራድ ባይኖር ወንድሜን አላገኘውም ነበር አሉ። ጠረፉን ሙሉ የማያውቀው ሰው የለም አሉ፤ ኪሊፊ አውቶቡሱን አስቁመው እጁን ሳሙት፤ ጋርሰን ላይ ጉማሬው ድምፁን ሰምቶ ከመንገድ ተነሳ፤ ይገዙ በኛ ሦስት ሰዓት መጥቶ ሲሄድ፣ ይመለሳል፣ በነሱ ሦስት ሰዓት ይመጣል ያለው እሱ ነው፤ በደቂቃዋ መጣ።

ኧረ በፍጹም፣ ከእትዬ ጋር ከመሄዴ በፊት አገሩን አላየሁትም አልኩ። ብዙነህ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አሁን ደግሞ ትሁት ሆነልን አለ። እውነቴን ነው አልኩ። ይበልጥ ሳቁ።

እትዬ ሻዬን ሊሞሉልኝ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲህ እውነቱን ለማን እንደምትነግር አያለሁ።"

ማታ ቤቴ መጽሔቱን አውጥቼ ገጽ በገጽ ፈለግሁ። ኮኮናቱ አለ፣ ጀልባው አለ፣ ዛፉ አለ። ምርኩዝ ያለው ሰውዬ የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።