የኋላው ፍሬን አልለቅ ሲል

ስልኩ የተደወለው ረፋዱ ላይ ነበር። የላይኛው መንደር ጤና ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ይርበተበታል።

«እህትሽ ወልዳለች። ልጁ ደህና ነው። ደሙ ግን አልቆም አለ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ካለቀብኝ ሳምንት አልፎታል።»

የታችኛው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ስልኩን ትከሻዋ ላይ ደግፋ የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ከፈተች። ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቷ «ወደ አንቺ ልውረድ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ገና ሁለት ሳምንት አለሽ፤ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ያለቻት እሷው ነበረች።

«ማህፀኗን በሁለት እጅሽ ጨምቀሽ ያዢ» አለች። «እስክመጣ እንዳትለቂ።»

አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ከተማ ወርዷል፤ ሳይመሽ አይመለስም። በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የቀረው ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ጓሮ የቆመው የጤና ጣቢያው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ ለድንጋይና ለጅረት የተሠራ፣ ቁመቱ ከወገቧ በላይ የሚደርስ። መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ ወጣች። ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሣ። ማርሽ አስገብታ ክላቹን ስትለቅ ግን የኋላው ጎማ ንቅንቅ ሳይል ሞተሩ ጠፋ። ፍሬኑ ነክሶ ይዞታል።

ጥበቃው ሽማግሌ ድምፁን ሰምተው ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። በጉብዝናቸው ዘመን መካኒክ ነበሩ፤ አልፈታም ያለ ነገር ሁሉ እሳቸው እጅ ሲገባ ስለሚፈታ «ጋሽ መፍቻ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከሰው ጥላ በቀር አያዩም። ተንበርክከው ጎማውን ዳበሱት።

«የፍሬኑ ሸራ የጎማው ዲስክ ላይ በዝገት ተጣብቋል። ጣትሽን አምጪ እስቲ፤ እዚህ ጋ እንደ ቡሎን የምትዞር አንዲት ፒን አለች። ሁለቱን ሸራ ሰክታ የያዘችው እሷ ናት። እሷ ከወጣች ሁሉም ይወጣል። ካልወጣች ጎማው አይዞርም።»

አዋላጇ መፍቻውን ሰክታ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። እጇ ሥር አንድ ነገር ግርር አለ።

«ዞረ» አለች።

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፒኗ አልዞረችም ልጄ። ጠርዟን ነው የላጥሽው። ከእንግዲህ መፍቻ አይይዛትም።»

ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ስልኩ ጮኸ።

«እጄ ዛለብኝ» አለች ጤና ሠራተኛዋ።

«አማቷን አሳዪያቸው፤ ተፈራረቁ። እህቴ እያናገረችሽ ነው?»

«ቅድም ታናግረኝ ነበር።»

አዋላጇ የበረዶ ሣጥኑን አንጠልጥላ ተነሣች። «በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በእግርሽ ሄደሽ የምትደርሺው ለለቅሶ ነው» አሏት ሽማግሌው፤ ቃሉ እንደሚያም እያወቁ። «ሩብ ሰዓት ስጪኝ። እምቢ ካለን ሩጪ፤ አልይዝሽም።»

«ዝገቱን እሳት ያላቅቀዋል» ሲሏት የማዋለጃ ዕቃ የምትቀቅልበትን ትንሿን ቡታ ጋዝ አመጣች። ቤንዚን የሞላ ሞተር አጠገብ እሳት ማንደድ የእብድ ሥራ ነው፤ የታማሚ አልጋ አንሶላዎችን ውኃ ውስጥ ነክራ የቤንዚኑን ታንከር ሸፋፈነችው። ፍሬኑ ሲግል ቅባቱ መጨስ ጀመረ። እሷ ግን ጭሱን ሳይሆን ሰዓቷን ታያለች።

«አሁን ሻማ አስነኪው» አሉ። «ሰሙ ቀልጦ በስንጥቁ ይግባ።»

ሰሙ ሟምቶ ፒኗ ሥር ሰረገ። ሽማግሌው ዓይናቸው ከጠፋም ወዲህ ከአልጋቸው ሥር ያልጣሉትን የብረት መሮና መዶሻ አስመጥተው፣ የመሮውን ጫፍ የተላጠችው ፒን ጠርዝ ላይ በዳበሳ ደገፉት፤ ወደ ግራ ዘመም አድርገው።

«እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ምቺ።»

«እጅዎን ብስትስ ጋሼ?»

«ይህ እጅ ስንት መዶሻ ቀምሷል። ምቺ ብያለሁ።»

መታች። ደገመች። በሦስተኛው መዶሻው ከመሮው ተንሸራቶ ጣቶቻቸው ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማችው። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ መሮውን ግን አልለቀቁም።

«አትቁሚ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

እያለቀሰች መታች። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው፣ ቀጭን «ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፒኗ የፀጉር ያህል ዞራለች። በፒንሳ ያዘቻትና፣ እያዞረች፣ እንደ ክፉ ጥርስ እየነቀነቀች፣ እየፈራች፣ ጎትታ አወጣቻት። ሸራዎቹን በካቻቢቴ ፈንቅላ ጣለች። ጎማውን በእግሯ ገፋ ብታደርገው ተሽከረከረ።

«የኋላውን ፍሬን እንዳትረግጪ» አሉ የደማ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ደብቀው። «ቁልቁለቱን በማርሽ ያዢው። የፊተኛውን በቀስታ።»

እግሯ ረስቶ እንዳይረግጠው የኋላውን ፍሬን ፔዳል በፋሻ ጠፍራ አሰረችውና ወጣች። መንገዱን በኋላ ስታስታውሰው የሚመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጅረቱ ጋ ወድቃ፣ ከሞተሩ በፊት የበረዶ ሣጥኑን ማቀፏ።

ክፍሉ ውስጥ አማቲቱ ላብ አጥምቋቸው የወላዷን ማህፀን ጨምቀው ይዘዋል። የእህቷ ከንፈር ነጭ ሆኗል፤ ስትጠራትም አልመለሰችም። አዋላጇ በጭቃ እጇ ላይ ጓንት አጥልቃ መርፌውን ወጋቻት፤ ከዚያ የአማቲቱን ቦታ ተረከበች። ደቂቃው አልሄድ አለ። አንዴ የእህቷ ትንፋሽ የቆመ መስሏት ጆሮዋን ደረቷ ላይ ጣለች። ማህፀኗ ከእጇ ሥር ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ እየጠነከረ የመጣው ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ደሙ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ።

አምቡላንሱ አመሻሹ ላይ ደርሶ ወደ ከተማ ሲወስዳቸው፣ ሕፃኑን አቅፋ ለሽማግሌው ደወለች።

«እህትሽስ?»

«አለች ጋሼ። ውኃ ጠየቀችኝ። እጅዎስ?»

«ሁለት ጣት ሰብረሻል» አሏት። «ደግነቱ ግራውን ነው።»