ቁጥር ስድስት መንጠቆና የቁም ጉርሻ

1.

ልጅቷ ከሐይቁ እንድትመለስልኝ የትኛውን መንጠቆ ልሰርላት?

ይህን ጥያቄ ከትናንት ወዲያ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሦስት ቀን አየሁት። መልስ አልመጣልኝም። ስለዚህ ከሥሩ ቁጥር ሁለት ብዬ እቀጥላለሁ።

2.

እኔ አማረች ነኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ፀጋነሽ የልጄ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሶዶ ሌላ ትዳር ስትይዝ በሁለት ዓመቷ እኔ ዘንድ ቀረች፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የምንኖረው አርባ ምንጭ ነው፣ ከጓሯችን የጫሞ ሐይቅ ይታያል። ባለቤቴ ሻንካ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሱ ያጠምዳል፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ መንጠቆ አስርለታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሐይቁ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ውሃ እፈራለሁ።

አሁን ጀልባውን የያዘችው ፀጌ ናት።

በቁጥር የምጽፈው የአምስተኛ ክፍል መምህራችን "ሐሳብሽ ሲበተን ቁጥር ስጪው" ብለውኝ ስለነበር ነው። ሐሳቤ ተበትኗል። ቁጥር ግን እስካሁን አላለቀብኝም።

3. መንጠቆ

ለማታውቁት፦ መንጠቆ በቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም፤ እኔም ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቁጥር አሥራ ሁለት የትንሿን ጣቴን ጥፍር ያህላል። ቆሮሶ ለምትባለው ትንሽ ዓሣ ነው። ቆሮሶ አፏ ትንሽ ነው፣ ትል ይበቃታል።

ቁጥር ስድስት ጣት ያህላል። ለነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሰው ያክላል። ፀጌ ሦስት ዓመቷ ሳለ ሻንካ አንዱን አምጥቶ አፉን ከፈተና "ግቢና እይ" አላት። ጭንቅላቷን ከተተች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ እግሯን ይዤ ነበር።

4. ጉርሻ

መንጠቆው ላይ የሚሰካውን የዓሣ ምግብ እኛ ቤት ጉርሻ እንለዋለን። ሻንካ ነው ያወጣለት። ሦስት ዓይነት ነው።

ሀ) ትል። ከጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ተቆፍሮ ይወጣል።

ለ) ቁራጭ። የቆሮሶ ሆድ፣ ቆዳው እንዳለ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው። መረብ የሚጥሉ ሰዎች ይሰጣሉ።

ሐ) የቁም። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ፣ ከጀርባው ተሰክቶ እየዋኘ የሚቆይ። ነጭ ዓሣ ከሁሉ እሱን ይወዳል።

የቁም ጉርሻ ማንም አይሰጥም። አጥማጁ ራሱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚይዘው።

የት እንደሚቆም በኋላ እጽፋለሁ። አሁን አልችልም።

5.

(ይህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ግቢያችን ውስጥ።)

ፀጌ፦ እማማ፣ ጀልባውን ገለበጥኩት።

እኔ፦ ዶሮዎቹስ?*

ፀጌ፦ ዶሮዎቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

እኔ፦ ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማርሽው ለዚህ ነው?

ፀጌ፦ ሁለት ዓመት የተማርኩትማ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜን ስፈልግ ለመክረም ሆነ። ደከመኝ። አያቴ የሠራው ሥራ እኔን አይንቀኝም።

እኔ፦ ሴት ልጅ እኮ ነሽ።

ፀጌ፦ እሱን ወደቡ ላይ ያሉት ይነግሩኛል። አንቺ መንጠቆ እሰሪልኝ።

እኔ፦

ፀጌ፦ እማማ።

እኔ፦ እሺ።

* ጀልባው ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ በአፉ ተደፍቶ ቆይቷል። ዶሮዎች ሥሩ ይፈለፍሉ ነበር። እኔ ነኝ የደፋሁት።

6.

እሺ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እኔ ባላስርላት ሌላ ሰው ያስርላታል። እኔ ካሰርኩት ግን ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ብቻ።

7. ምንም እንዳይይዝ አድርጎ ስለማሰር

ዋናውን ገመድ ጥሩውን ምረጪ። ረጅም ይሁን፣ ዓይን ይሙላ።

ከዋናው ላይ የሚንጠለጠሉትን ክሮች በክንድ ፈንታ በስንዝር ለክተሽ ቁረጪ። ክሩ ካጠረ ጉርሻው ውሃ ውስጥ አይጫወትም። ነጭ ዓሣ የማይጫወት ነገር አይነካም።

ቁጥር ስድስቶቹን በላስቲክ ጠቅልለሽ የዱቄት በርሜል ውስጥ ቅበሪ።

በቦታቸው ቁጥር አሥራ ሁለት እሰሪ።

ስትጠይቅሽ "አያትሽም በዚሁ ነበር" በያት።

ዓይን ዓይኗን አትዪ።

ሃምሳ መንጠቆ እንዲህ አድርጌ አሰርኩላት። ዐሥር ቀን ባዶ እጇን ከመጣች ይሰለቻታል፣ ጀልባውን መልሳ ለዶሮዎቹ ትደፋዋለች ብዬ አሰብኩ። ባዶ ገመድ ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ።

8.

ቀን አንድ። ምንም።

ቀን ሁለት። ምንም። ቁራጩ መንጠቆው ላይ እንዳለ ነጥቶ ተመለሰ።

ቀን ሦስት። ምንም።

ቀን አራት። ምሳዋን ይዤ ወደቡ ድረስ ሄድኩ። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። አንዱ፣ "ፀጌ ዛሬም ገመዷን አጥባ መጣች፤ ማስጫ እንስጣት" አለ። እሷ ቀና ሳትል፣ "ስጡኝ፣ የእናንተንም ሱሪ ጨምሬ አሰጣዋለሁ፣ ከሩቅ ይሸታል" አለችው። ሳቁ። እሷም ሳቀች። ቶማ የሚባለው፣ ድሮ ሻንካ ጀልባው ላይ ሲያሳፍረው የነበረው ጎልማሳ፣ ጠጋ ብሎ "እጅሽ ደህና ነው፤ ምናልባት ጉርሻሽ ይሆናል" አላት። ቶማ የመረብ ሰው ነው፣ መንጠቆ አያውቅም። ሊያጽናናት ነው።

ቀን ስድስት። አንዲት ቆሮሶ። በስህተት።

ቀን ስምንት። ምንም። እየዘፈነች ገባች።

ቀን ዘጠኝ። ምንም። አልዘፈነችም።

ቀን ዐሥር። ምንም። ጀልባው እንደተቃና ነው። "ነገ ጉርሻውን እቀይራለሁ" አለች። ትል ልትቆፍር መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቀን አሥራ አንድ። ባልዲ ይዛ ወጣች። ባልዲው ለምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

አልጠየቅኋትም።

9.

 

10.

ቀን አሥራ ሦስት ቶማ ቤታችን መጣ። ግባ ብለው በሩ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ልጅቷን ይምከሯት።"

"ምን ሆነች?"

"ሐይቁ ዳር የበቀለው ፊላ ሣር ውስጥ ቆማ አየናት። እስከ ጉልበቷ ገብታ። በእጅ መረብ ትንንሽ ዓሣ ትይዛለች።"

"የቱ ፊላ?"

ኮፍያውን አወለቀ።

"ቶማ፣ ኩልፎ ወንዝ የሚገባበት ነው?"

"እሱ ጋ ነው።"

"ዛሬ ብቻ ነው?"

"ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጮኸን ጠራናት፤ 'ችግሩ ጉርሻው ነው ያልከው አንተ አይደለህ?' አለችኝ። እኔ እኮ እማማ፣ እንዲያው ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ምን አውቄ።"

"አንተ ምን አደረግህ" አልኩት። ውሃ ልስጥህ አልኩት። ሳይጠጣ ሄደ።

11.

ዘጠኝን ባዶ የተውኩት ሻንካ እዚያ ስላለ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በጥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያው ፊላ ውስጥ ቆሞ የቁም ጉርሻ ሲይዝ አዞ ወሰደው። እዚያ የሚተኙት ብዙ ናቸው፤ ወንዙ ሞቅ ያለ ጭቃ ያመጣላቸዋል። ጀልባውን ጎትተው ሲያመጡልኝ ጠዋት ያሰርኳቸው መንጠቆዎች እንደተደረደሩ ነበሩ። ሃምሳ። ቁጥር ስድስት። ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም ጉርሻ እየጠበቁ።

ፀጌ ይህን ታውቃለች። ቦታውንም ታውቃለች። የቀብሩን ሳጥን ቅለት ከኔ ጋር ያየችው እሷ ናት። እና ገባች። ባዶ ገመድ ሰውን ይህን ያህል እንደሚገፋ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

12.

ቁጥር ስድስት ባስርላት ኖሮ በቁራጭ ትይዝ ነበር።

በቁራጭ ብትይዝ ፊላው ውስጥ አትገባም ነበር።

ቁጥር ስድስት ባስርላት ኖሮ በቁራጭ ትይዝ ነበር።

በቁራጭ ብትይዝ

13.

(የዚያኑ ዕለት፣ ቶማ ከሄደ በኋላ። እሷ ገና መግባቷ ነው፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ እርጥብ ነው። እኔ እጄ ክንዴ ድረስ ዱቄት ነው።)

እኔ፦ ፀጌ፣ ጉርሻው አይደለም።

ፀጌ፦ ምኑ?

እኔ፦ መንጠቆው ነው። ክሩም አጭር ነው። ትክክለኛው ይኸው።

ፀጌ፦ ተሳስተሽ ነው?

እኔ፦ አይደለም።

(ገመዱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። አንዱን ክር በስንዝሯ ለካችው። ሁለተኛውን ለካችው። አምስተኛው ላይ አቆመች።)

ፀጌ፦ ሁሉንም?

እኔ፦ ሃምሳውንም።

ፀጌ፦ እነሱ እየሳቁብኝ።

እኔ፦ አዎ።

ፀጌ፦ ዛሬ ጅራቱን አየሁት፣ እማማ። እንጨት መስሎኝ ልቀመጥበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ወደ ሐይቁም አልሄደችም። ሁለት ቀን ሆነ። ያበሰልኩትን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ ጀልባው ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች።

14. በትክክል ስለማሰር

ክሩን ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ለክተሽ ቁረጪ። አንዱ ከሌላው እንዳይጠላለፍ ዋናው ገመድ ላይ በሁለት ክንድ አራርቂው። ቁጥር ስድስት እሰሪ፣ ቋጠሮውን በምራቅ አርጥበሽ አጥብቂው። ገመዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ድንጋይ፣ ከላይ ባዶ ጀሪካን እንዲንሳፈፍ። ቁራጩን ከቆዳው በኩል ሁለቴ ውጊው፣ ሥጋው ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ።

አንዳንዱን ቋጠሮ ሁለቴ እጀምረዋለሁ፤ ሻንካ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር። ሃምሳውን በሁለት ቀን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። እሷ እያየችኝ። አንዴም አላገዘችኝም።

እንዲህ ከታሰረ ቁራጭ ይበቃል። የቁም ጉርሻ አያስፈልግም። ጥቂትም ቢሆን ይያዛል። ሻንካ በቁራጭ ብቻ ስንት ዓመት ይዟል፤ የቁሙን የጀመረው ትልቅ ሲያምረው ነው።

ይህ እውነት ነው።

እውነት ነው እላለሁ። የሚለው ግን "አያትሽም በዚሁ ነበር" ያለው አፍ ነው።

15.

ይህን የምታነቡ፣ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? መስመር ትቼላችኋለሁ።

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

እኔም ያንኑ ብያታለሁ።

16.

ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ጠዋት ጀልባውን ስትወለውል ስላየኋት እንደምትወጣ አውቄአለሁ። ቶማ ከመረቡ ሃያ አምስት ቆሮሶ አመጣ። ሆድ ሆዱን ቆረጥኩ፣ ቆዳው እንዳለ፣ ሁለት ጣት። ፌስታል ውስጥ ጨምሬ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ገመዱን፣ ከነሃምሳ መንጠቆው፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

አግዳሚው ሥር ባልዲው አለ። ውስጡ የእጅ መረቡ ታጥፎ።

ባልዲውን አንስቼ እስከ ዱቄት በርሜሉ ድረስ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ነበረበት አኖርኩት። ሌላ ጊዜ ስደብቅ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ። ባልደብቅስ ምን እንደማመጣ ማን ይነግረኛል?

17.

መጣች። ፊቷን ታጠበች። የአያቷን ኮፍያ አደረገች፤ ይሰፋታል፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አጥብቃዋለች። አግዳሚው ጋ ቆመች። ከገመዱ አንዱን ክር መዘዘችና በክንዷ ለካችው። ልክ መጣ። ሌላ መዘዘች። ልክ መጣ። ሃምሳውን ልትለካ ነው ብዬ ነበር።

"ቁራጭ ይበቃል፣ ልጄ" አልኳት።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማየት አልቻልኩም። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ሲወጣ ሰማሁ። ፌስታሉ ኮሽ አለ። የባልዲው እጀታ ኳ አለ። ማንሳቷ ይሁን በእግሯ መግፋቷ፣ በድምፅ አይለይም።

18.

ፀጌ።

19.

ወጣች። በሩ ተዘጋ። እኔ ገና አልዞርኩም።

20.

አግዳሚው ጋ የቀረው፦ (ስዞር እሞላዋለሁ።)