ከድልድዩ ማዶ ያሉት

በጤና ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመዝገብ ክምር ጀርባ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «ቁጥሬ» ይሏታል፤ የወረዳውን ነዋሪና ሕመምተኛ ስትቆጥር አሥራ አንድ ዓመት አልፏታልና። የእግዜር ሰላምታ እንኳ ቆጥራ ነው የምትመልሰው እያሉ ይቀልዱባታል።

በየዓመቱ አንድ ሰንጠረዥ ትሠራለች፦ በወረዳው ከሚኖሩት ሕዝቦች እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ፣ በጊዜ ቢታከም ሊቀር በሚችል ሕመም ከየትኛው ወገን ስንት ሰው አልጋ እንደያዘ። በዚያ ዓመት፣ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ክፍሉን ሞልቶት ሳለ፣ ዓይኗ አንድ ረድፍ ላይ ቀረ። ከድልድዩ ማዶ ጡብ እየሠሩ የሚኖሩት ሰዎች ከወረዳው ሕዝብ ከአሥር አንድ ናቸው። ሆስፒታል ከተኙት ልጆች ግን ከአሥር አራቱ የእነሱ ነበሩ። አብዛኞቹ ልባቸው የታመመው ጉሮሯቸውን ሲያማቸው በጊዜ መድኃኒት ስላላገኙ ነው። እያየቻቸው ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ተነሥተው ጸጥ ባለ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ልጆች መሰሏት። ሲተነፍሱም የሰማቻቸው መሰላት። እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ይሁን ሌላ ነገር፣ አላወቀችም።

ሰንጠረዡን ለቢሮው ኃላፊ ወሰደችለት። ኃላፊው ሐኪም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራ ያታከተው ሰው ነው። ማስታወሻው ላይ እንዳምናው «የመታከም ልማድ ስለሌላቸው ወደ ጤና ጣቢያ አይመጡም» ብላ እንድትጽፍ ነገራት። ያንን ቃል አምና የጻፈችው እሷው ናት፤ ካቻምናም። ዘንድሮ ግን ብዕሩን ስታነሣ እጇ እምቢ አላት። አንድም ቀን ማዶ ተሻግራ እንደማታውቅ ትዝ አላት።

በማግስቱ የማዶዎቹን ቋንቋ ከምትችል ነርስ ጋር ድልድዩን ተሻገረች። የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ ከወንዙ ጉም ጋር ተቀላቅሎ፣ ቤቶቹ ከወገባቸው በታች የሌሉ ይመስሉ ነበር። ቀይ አቧራው የሰዉን ቅንድብ ሳይቀር አቅልሞታል። አንድ በር ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኙ፤ ሳትሮጥ ታለከልካለች። እናቷ እርጥብ ጡብ ከቅርጹ እያወጣች፣ ነርሷ ለምን እንዳላሳከመቻት ስትጠይቃት፣ ሥራዋን ሳታቆም በቋንቋዋ መለሰችላት።

«ጉሮሮዋን ሲያማት ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። ሁለቴም ዘበኛው የነዋሪነት መታወቂያ ካላመጣሽ ብሎ መለሰኝ። ከዚያ ጉሮሮዋ ተሻላት። ከተሻላት በኋላ ምን ብዬ ልመለስ?»

ነርሷ ለመተርጎም አፏን ስትከፍት፣ ቁጥሬ ሁሉንም ሰምታ ጨርሳለች። ቃላቱ እንደ ቤት ልጅ ሳያንኳኩ ነው የገቡት። ማንም ያላስተማራትን ቋንቋ ከየት አመጣችው? መንገዱን ሁሉ በሕልሟ የምትሄድ እየመሰላት ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የደረቀ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። የት እንደዋለች ነገረቻቸው፤ ቀጥላም «ምን ብዬ ልመለስ?» የሚለውን፣ እንደሰማችው፣ በዚያው ቋንቋ ደገመችላቸው። እናቷ የያዙትን አንሶላ አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት።

«ሳዝልሽ የማወራሽ በሱ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አፍሽን ስትፈቺ ተውኩት። ትምህርት ቤት ሳስመዘግብሽም ከድልድዩ ወዲህ ካሉት ወገን ናት አልኩ። በር ላይ እንዳይመልሱሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ልትቀየማቸው አስባ ነበር። እናቷ ያንኑ አንሶላ ለብቻቸው ሲታገሉት ስታይ ግን አንጀቷን በሏት፤ ጫፉን ይዛ አብራ ማጠፍ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት፣ ከሥራ ስትወጣ ከነርሷ ጋር በየቤቱ እየዞረች ጠየቀች። ልጅ ከታመመባቸው ስልሳ ሁለት ቤቶች መካከል አርባ አንዱ ጤና ጣቢያ ሄደው ከበር ተመልሰዋል። ይህን ጽፋ ለሐኪሙ አቀረበች።

«ልማድ አይደለም» አለችው። «መጥተዋል። የመለስናቸው እኛ ነን።»

ሐኪሙ በዘበኛው ሊያሳብብ ጀምሮ ነበር። እሷ መታወቂያ የሌለው እንዳይገባ የሚለውን፣ ከመዝገብ ክምሯ ፈልጋ ያወጣችውን ትእዛዝ ፊቱ አስቀመጠችው፤ ከሥሩ የራሱ ፊርማ አለ። ድሮ መድኃኒት ያጠረ ጊዜ፣ ለአንድ ወር ብቻ ብሎ ያወጣው ነበር። ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«ረስቼዋለሁ» አለ፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ። ፊርማውን ብዙ አየው። ከዚያ ትእዛዙን ሻረው፤ ነርሷም በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ከሥራ ፋታ ሲያገኝ፣ መድኃኒት ይዛ ወደ ማዶ እንድትሄድ ወሰነ።

የጡብ ሠሪዋ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። የተጎዳ ልብ እንደ ጉሮሮ አይሽርም። በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ቀስ ብላ ከሄደች ግን ወንዙ ድረስ ትደርሳለች። በዓመቱ ሆስፒታል ከተኙት ልጆች ከአሥር ሦስቱ የማዶ ልጆች ነበሩ። ቁጥሬ ማስታወሻው ላይ «ገና ነው» ብላ ጻፈች።

አንድ የመርፌ ቀን የቁጥሬ እናት አብረዋት ተሻገሩ። ጡብ ሠሪዋ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። እናቷ ለአርባ ዓመት ያልጠሩትን የአባታቸውን መንደር ሲጠሩ፣ ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መቀመጫ አቀረበችላቸው። ሁለቱ በጭሱ መካከል ብዙ አወሩ። ቁጥሬ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹ ያመልጣታል፤ የቀረውን ማታ ትነግረኛለች ብላ ተወችው። ልጅቷ የተወጋችበትን እያሻሸች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።